ይሄን ማን አለ?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እግሬ አይረጋም። ጠዋት ቁርሴን የምበላው ቆሜ ነው። ልጄ፣ "እማዬ፣ ደወል የሚደወልብሽ መሰለሽ እንዴ? ቁጭ በይ እንጂ" ትለኛለች። እቀመጣለሁ። ወዲያው ደግሞ የረሳሁት ነገር ያለ ይመስለኝና እነሳለሁ። ጃንጥላዬን ይዤ እወጣና ከጎፋ ወደ ላፍቶ፣ ከላፍቶ ወደ ነፋስ ስልክ ያለ ምንም ጉዳይ ታክሲ እሳፈራለሁ። በጡረታ አበል የሚኖር ሰው ዝም ብሎ ታክሲ መሳፈር እንደሌለበት አላጣሁትም። ግን ቤት ስቀመጥ ጆሮዬ ሥራ ይፈታል፤ ችግሬ እሱ ነው።

የሥራ ዘመኔን ሙሉ የኖርኩት በጆሮዬ ነው። አማርኛ አስተማሪ ነበርኩ፤ ከአማርኛም ዋናው ሥራዬ ልጆችን ግጥም ማስጻፍ ነበር። አሁን ታክሲ ተራ ቆሜ ረዳቶቹ ሲጣሩ እሰማለሁ። አንዱ "ላፍቶ፣ ላፍቶ፣ የሞላ!" ሲል የሚለምን ይመስላል፤ ሌላው ያንኑ ቃል ሲለው የሚያዝ ይመስላል። ያኔ ለራሴ፣ "ይሄን ማን አለ?" እላለሁ። ጥያቄዋ የእኔ አይደለችም፤ የድሮ አለቃዬ የጋሽ ደሳለኝ ናት። ባለፈው ሰሞን ደግሞ አንድ ቀብር ሄጄ፣ ሰው መሀል ይህችው ጥያቄ አፌን አስከፈተችኝ። ከዚያ ወዲህ ጭራሽ መቀመጥ አቃተኝ። ይህን መጻፍ የጀመርኩትም በዚያ ምክንያት ስለሆነ ወደ ቀብሩ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ግን ከየት እንደተነሳሁ ልናገር።

ሥራ የጀመርኩት ክፍለ ሀገር፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። እዚያ የነበረው ርዕሰ መምህር ራሱ ገጣሚ ነበር፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ያስብ ነበር። በዓል በመጣ ቁጥር እሱ የጻፈውን ልጆቹ በቃላቸው አጥንተው፣ እጃቸውን እያወዛወዙ፣ የአንገታቸው ሥር እስኪገታተር ይጮኹ ነበር። እኔም ግጥም ማስተማር ማለት ልጆችን ማስጮህ ነው ብዬ አመንኩ። ደሞዙን አላወራም፤ መምህር የነበረ ያውቀዋል፣ ያልነበረ አያምነኝም። ከብዙ ማመልከቻና ከብዙ "ነገ ተመለሽ" በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተዛወርኩና ጥቂት ጊዜ ጎፋ አንደኛ ደረጃ ሠርቼ፣ በመጨረሻ በላፍቶ በኩል ካለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባሁ። ያኔ ከአጥሩ ማዶ የጤፍ ማሳ ነበር። መስኮት ከፍተን ስናስተምር የሰፈሩ ገበሬ በሬዎቹን ሲቆጣ ይሰማ ነበር። አሁን እዚያ ቦታ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፤ የገበሬው የልጅ ልጅም ከሥሩ ሱቅ ከፍቷል።

ጋሽ ደሳለኝ የአማርኛ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ የኮታቸው ትከሻ ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው ሰው ናቸው። በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ደረቴን ነፍቼ የተማሪዎቼን ግጥሞች አሳየኋቸው። ስለ እናት፣ ስለ ሀገር፣ ስለ ሰላም፣ እንደገና ስለ እናት። ረጋ ብለው ሁሉንም አነበቡና፣

"እነዚህን የጻፈው አንድ ሰው ነው?" አሉኝ።

"አይደለም ጋሼ፣ ክፍሉ በሙሉ ነው።"

"አንድ ሰው ነው። እኔ አውቀዋለሁ። የወላጆች ቀን እጁን እያወዛወዘ የሚጮኸው ልጅ ነው። ሌሎቹ የት ሄዱ?"

ደሜ ፈላ። ግን አርብ ክፍላቸው ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ጥቂት ስንኞችን ይጽፋሉ፤ ስም አይጻፍም። ጋሽ ደሳለኝ ወረቀቶቹን ሰብስበው እንደ ካርታ ይበውዙና ፊታቸውን ወደ ጥቁር ሰሌዳው፣ ጀርባቸውን ወደ ክፍሉ ያደርጋሉ። ከዚያ አንድ በአንድ ያነባሉ። አነባበባቸው የእድር ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ዓይነት ነው፤ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም አያደርጉም። "እኔ ካሳመርኩላችሁ የሰማችሁት እኔን ነው" ይሉ ነበር። ሲጨርሱ ዞር ብለው፣ "ይሄን ማን አለ?" ይላሉ። ስም ወይም ሰፈር የሚያጋልጥ ስንኝ ካለ ይዘሉታል፤ ሰውየው ከአነጋገሩ ብቻ መታወቅ አለበት። ክፍሉ ስሙን ከጠራ ወረቀቱ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ሌላ ማርክም ሆነ ጭብጨባ የለም። ክፍሉ ዝም ካለ ግን ወረቀቱ ኪሳቸው ይገባል፤ ልጁም ለሚቀጥለው አርብ ሌላ ይዞ ይመጣል።

ቀላል ይመስላል። ሞክሩትና እዩት። ልጅ "እኔ" ብሎ ሲጀምር መጀመሪያ የሚወጣው የሌላ ሰው ድምፅ ነው፤ የሬዲዮ፣ የሰባኪ፣ የመጽሐፍ። ጋሽ ደሳለኝ በትዕግሥት ያንን ይላጡ ነበር። "ዓለም" ብሎ ቤት ለመምታት ሲል ብቻ "ቀለም" የጻፈውን ልጅ፣ "ዓለም ባትኖር ኖሮ ቀለም ትዝ ይልህ ነበር?" ይሉታል። ልጁ ያስባል፤ "አይ" ይላል። "እንግዲያው ቤቱን ትተህ እውነቱን ንገረኝ።" ሌላ ጊዜ፣ ዛሬ ጠዋት ስትነሱ መጀመሪያ ከአፋችሁ የወጣውን ቃል ጻፉና ከዚያ ቀጥሉ ይላሉ። አንዱ፣ "ፎጣዬን ማን ወሰደው?" ብሎ ጀመረ። ሲጨርሰው አንድ ክፍል ውስጥ ተደራርበው የሚኖሩ ወንድማማቾች ሁሉ ታዩን። ክፍሉ በሳቅ ፈርሶ ስሙን ጠራው።

አንድ አርብ እኔም ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብዬ የጻፍኩትን ሳላውቅ ደባልቀው አነበቡት። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዱ ባለጌ ከጥግ፣ "ከመጽሐፍ ነው" አለ። ጋሽ ደሳለኝ ምንም ሳይሉ ኪሳቸው ከተቱት። ያን ሳምንት ጤና ይስጥልኝ እንኳ ሳልላቸው ነው የሰነበትኩት። በኋላ ግን የአርቡን ሥራ ተቀብዬ በራሴ ክፍል ማሠራት ጀመርኩ።

ፀጋነሽ የመጣችው ያኔ ነው። ፀጋ እንላታለን። አባቷ አቶ ጴጥሮስ ከወላይታ መጥተው ላፍቶ መንገድ ዳር የብረት በርና መስኮት መሥሪያ የከፈቱ በያጅ ናቸው። ቤተሰቡ በሙሉ ጴንጤ ነው፤ ልጅቷ የኳየር ዘማሪ ናት። መጀመሪያ ሰሞን የምትጽፈው ሁሉ መዝሙር ነበር። ጥሩ መዝሙር ነው፤ ግን የክፍሉ ግማሽ ያንኑ ስለሚዘምር "ይሄን ማን አለ?" ሲባል ግማሹ ክፍል እርስ በርሱ ይተያያል። የጠዋቱን ቃል ስንሠራ ግን እንዲህ ብላ መጣች፤

ተነሽ አለኝ።
ተነሳሁ።
እንቅልፌ ግን ተኝቷል፤ እሱን ማን ይቀስቅሰው።

"ፀጋ!" አለ ክፍሉ። ፊቷን በመዳፏ ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ስታወራም እንደዚያው ናት፤ ቃሏን ቆርጣ ታስቀምጣለች፣ ከዚያ ትጠብቃለች። ለጋሽ ደሳለኝ ስነግራቸው፣ "ይቺ ተገኘች" አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አርብ አርብ የእሷን ወረቀት በጉጉት ነበር የምጠብቀው። እውነቱን ለመናገር ከልጆቹ ሁሉ አብልጬ እወዳት ነበር።

በዚያው ዓመት ሥልጠና ተላክሁ። ምሳና የትራንስፖርት አበል ያለው፣ ምንጣፍ ባለበት አዳራሽ የሚሰጥ ሥልጠና ነው። አሠልጣኙ ካቀረባቸው መልመጃዎች አንዱ ልቤን ወሰደው፤ ተማሪው የራሱ መቃብር ላይ የሚጻፈውን ቃል ይጻፍ፤ ሰው ራሱን ከዚያ በላይ በአጭሩ የሚናገርበት ቦታ የለም። እንዴት እስከዛሬ አላሰብኩትም ብዬ ተገረምኩ። ሰኞ ጠዋት ለጋሽ ደሳለኝ ነገርኳቸው። ጠመኔያቸውን ቁጭ አደረጉ።

"ይሄ እነዚህ ልጆች ቤት ሲገባ ሟርት ነው የሚባለው።"

"ጋሼ፣ ግጥም እኮ ነው!"

"ግጥም መሆኑን አንቺና እኔ እናውቃለን።"

አልሰማኋቸውም። አርብ አሠራሁት። እንደዚያ አርብ ያለ ቀን በሥራ ዘመኔ አላየሁም፤ ዛሬም ይህን ስጽፍ ደስታው ይመጣብኛል። ያ ሁሉ ዝምተኛ ልጅ ሞቶ አፍ አወጣ። አንዱ፣ "ቀስ ብላችሁ ርገጡ፣ ገና አሁን ተኛሁ" አለ። ሁሉም በስሙ ተጠራ። የፀጋ ወረቀት መጨረሻ አካባቢ ደረሰ። ማንነቷን የሚያሳብቀውን የመጀመሪያውን ስንኝ ዘልዬ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ አነበብኩት። ሙሉው እንዲህ ነው፤

እዚህ የተኛሁት የበር ሠሪው ልጅ ነኝ።
እሳቱን እንዳታዪ ብለውኝ ነበር።
አየሁት።
ጨለማ ነው ብላችሁ አታልቅሱልኝ፤
ዓይኔን ስጨፍን ብልጭታው አለ።

"ይሄን ማን አለ?" ለማለት ስዞር መልሱ ቀደመኝ። ሁሉንም ወረቀቶች ግድግዳ ላይ ለጠፍኳቸው።

ከዚያ ጥቂት ቀን ሳይቆይ ፀጋ ከትምህርት ቀረች። ራሴን ብላ ተኛች፤ ትኩሳቱ በረታ፤ ሆስፒታል ስትገባ ማጅራት ገትር ነው ተባለ። ሰው አያውቅም፣ ራሷን ስታለች የሚል ወሬ መጣ። በማግስቱ አቶ ጴጥሮስ የሥራ ልብሳቸውን ሳያወልቁ፣ እጃቸው በብረት ዝገት እንደጠቆረ፣ ክፍሌ በር ላይ ቆሙ።

"ጌታ ይባርክዎት ቲቸር። ልጄ ሞቷን ጽፋ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል ይላሉ። እውነት ነው?"

"የክፍል ሥራ ነው አቶ ጴጥሮስ። ግጥም ነው።"

"ሥራ መሆኑን አላጣሁትም። ግን ቃል ይሠራል። እኛ ቤት ልጅ ሲቀልድ 'ሞትኩ' ቢል እንኳ እናቱ በጌታ ስም ትሽረዋለች። እርስዎ ደግሞ ሞቷን አስጻፏት።"

"ሰው በግጥም አይታመምም! በሽታው ከተሕዋስ ነው የሚመጣው፤ ሐኪሙን ይጠይቁ።"

"ጠይቄአለሁ። መድኃኒቱንም ገዝቼ ሰጥቻለሁ። ያንን እነሱ ይሥሩ። ይሄኛውን እርስዎ ይንቀሉልኝና 'ተሽሯል' ይበሉልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። ክፍሉ በሙሉ ያየኛል። እነዚህን ልጆች ቃላችሁ የራሳችሁ ነው፣ አትፍሩት ስል ከርሜ፣ አሁን በእነሱ ፊት ወረቀቱን ነቅዬ "ተሽሯል" ብል ያስተማርኩት ሁሉ ገደል ይገባል ብዬ አሰብኩ። "አላደርገውም" አልኳቸው። ዛሬ እዚያ ቦታ ብቆም ምን እንደምል ስንቴ አስቤዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ያንኑ እለዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን አልለውም።

ጩኸቴን ሰምተው ጋሽ ደሳለኝ ከጎረቤት ክፍል መጡ። ነገሩን የጠየቁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄዱና ወረቀቱን እንዳይቀደድ ተጠንቅቀው አላቀቁት፤ በሁለት እጃቸው ለአባትየው ሰጡ። ክፍሉ እየሰማ፣ ያንኑ የማስታወቂያ ድምፃቸውን አውጥተው፣ "ተሽሯል አቶ ጴጥሮስ" አሉ። ሰውየው "አሜን" ብለው ወረቀቱን አጥፈው፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነስተው ሄዱ።

መምህራን ማረፊያ ስንገባ፣ "አዋረዱኝ ጋሼ" አልኳቸው።

"ልጁ ሆስፒታል ከተኛችበት አባት ጋር ስለ ግጥም ትከራከሪያለሽ?"

"ግን እውነት አይደለማ!"

"እውነቱን ስትድን ለእሷ ንገሪያት። እሱ አሁን እውነት አላጣም፤ ልጅ እንዳያጣ ነው የሚሮጠው።"

ወሬው ከአቶ ጴጥሮስ ቀድሞ ሰፈር ደርሷል። ሌሎች ወላጆች፣ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም፣ ሟርተኛዋን መምህርት ፍለጋ መጡ። ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠርቶ፣ "መምህርት ውድነሽ፣ ስለ ሰላም ያስጽፉ። ስለ ሰላም አስጽፎ ወላጅ የመጣበት መምህር አላውቅም" አለኝ። ግድግዳው ታጥቦ ነጣ።

ፀጋ ዳነች። ክስት ብላ፣ ሻሽ አስራ መጣች። ክፍሉ አጨበጨበላት፤ እኔም እንዳላለቅስ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። አርብ ሲመጣ ወረቀቷን ሰጠችኝ። አነበብኩት፤ "ሰላም ለሀገራችን፣ ፍቅር ለሕዝባችን።" ይሄን ማን አለ? ዝም። በሚቀጥለውም አርብ ዝም። በሚቀጥለውም። ልጆቹ ያቺኑ ፀጋ እየጠበቁ ስለነበር የገዛ ወረቀቷን ሲሰሙ ሌላ ሰው ይፈልጉ ነበር። እኔ የእጅ ጽሑፏን አውቃለሁ፤ ልጅቷን ግን ውስጡ አጣኋት።

ጋሽ ደሳለኝን አማከርኩ። የራሳቸውን የፉከራ መልመጃ ሰጡኝ፤ ልጁ ካለው ዕቃ ሁሉ ታናሿን መርጦ በእሷ ይፎክራል። አንዱ ብድግ ብሎ፣ "ዘራፍ! የምሳ ዕቃዬ፣ ክዳንሽ የጠፋ፣ ከነክዳኑ ካለው ያንቺ ሆድ ነው የሚሰፋ!" ሲል ክፍሉ ፈረሰ። የፀጋ ተራ ደረሰ። አልተነሳችም። ከክፍል ስንወጣ በረንዳው ላይ ያዝኳት።

"ስለ ማበጠሪያሽ እንኳ መፎከር አቃተሽ?"

"እኛ ቤት በራስ መመካት የለም ቲቸር።"

"እሱን አውቃለሁ። ቀልድ ነው እኮ። ያቺን የድሮዋን ፀጋ አምጪልኝ።"

መሬት መሬቱን እያየች፣ "አፌን እፈራዋለሁ" አለች።

ልጆች ድምፃቸውን እንዲያገኙ ስደክም፣ ድምፅ የነበራት አንዲት ልጅ የገዛ አፏን የምትፈራ ሆና እጄ ላይ ቀረች። በአስተማሪነት ዘመኔ ብዙ ነገር አልተሳካልኝም፤ የሚያመኝ ግን ይሄ ብቻ ነው። ጋሽ ደሳለኝ በዚያው ዓመት ጡረታ ሲወጡ፣ ኮታቸውን እያራገፉ፣ "አትጎትቻት። አርብ አርብ ግን ወረቀቷን ሳትቀበዪ እንዳትቀሪ" አሉኝ። ተቀበልኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ እስክትሄድ አርብ አርብ ተቀበልኩ፤ አንዱም በስሟ ሳይጠራ ሄደች።

ከብዙ ዓመት በኋላ ቤቴን ሳድስ በር ፈለግሁና አቶ ጴጥሮስ ጋ ሄድኩ። ሒሳብ የተማረችው ፀጋ የአባቷን ሥራ ይዛለች። አባቷ ጥግ ላይ ተቀምጠው በጨርቅ ዓይናቸውን ያብሳሉ፤ ብየዳው ዓይናቸውን አድክሞታል። እጄን በሁለት እጃቸው ጨብጠው "ጌታ ይባርክዎት" አሉኝ። ስላለፈው ማናችንም አላነሳንም። በሩ ተገጠመ፤ ግን ሲከፈት ይጣበቃል። ተቆጥቼ ብጠራት መጣች፤ በመዳፏ ጉበኑን ዳበሰች፤ አንዴ ከፈተች፣ አንዴ ዘጋች።

"በሩ ደህና ነው" አለች። ጠበቀች። "ቤትዎ ነው የተጣመመው።"

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። አልጠፋችም! እዚያው ውስጥ አለች፤ ከደንበኛ ጋር ስትከራከር፣ ሠራተኛ ስታዝ ትወጣለች። ተስፋ አደረግሁና፣ "ትጽፊያለሽ አሁን?" አልኳት።

"ደረሰኝ እጽፋለሁ ቲቸር" ብላኝ ሄደች።

በሩ እስከ ዛሬ ይጣበቃል። ባለፍኩበት ቁጥር በትከሻዬ እገፋዋለሁ፤ በገፋሁት ቁጥር እሷ ትዝ ትለኛለች።

የሥራዬ መጨረሻ ዓመታት ላይ ግጥም የሚጽፍ ስልክ መጣብን። አንዱ ተማሪ ምንም እንከን የሌለው፣ ቤቱ የሚመታ፣ ጨረቃም ተስፋም ያለበት ግጥም ሰጠኝ። አነበብኩና፣ "ይሄን ማን አለ?" ስል ከኋላ አንዷ፣ "ስልኩ!" አለች። ባለቤቱም አብሮ ሳቀ። ባልደረቦቼ በዚህ ነገር ሲብከነከኑ እኔ ብዙም አልደነገጥኩም። ያው የወላጆች ቀኑ ልጅ ነው፤ አሁን ስልክ ውስጥ ገብቶ እጁን እያወዛወዘ ነው። ስሰናበትም የስንብት ግጥም ተነበበልኝ። "የዕውቀት ጧፍ" ተባልኩ። የጻፈው ያው ልጅ ነበር፤ ጋሽ ደሳለኝ በሕይወት ቢኖሩ ኪሳቸው ይከቱት ነበር።

እንግዲህ ቀብሩ። አቶ ጴጥሮስ ማረፋቸውን የነገረኝ ላፍቶ ስወርድ የተሳፈርኩበት ታክሲ ሹፌር ነው፤ የግቢውን በር እሳቸው ናቸው የሠሩለት። ሄድኩ። ሰዉ ብዙ ነው፤ ግማሹ በሩን ያሠራ ይመስለኛል። ኳየሩ ዘመረ፤ ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ የሕይወት ታሪካቸውን ሊያነቡ ወረቀት ዘረጉ። መነጽራቸው ልክ አይደለም መሰለኝ፣ ወረቀቱን ራቅ አድርገው፣ አንድ ዓይነት ድምፅ ብቻ ባለው ንባብ ጀመሩ። ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት፣ እዚህ ቦታ ተወለዱ፣ ይህን ሥራ ሠሩ። እንደ ማንኛውም የሕይወት ታሪክ ነው፤ ጃንጥላዬን ዘርግቼ ከኋላ ቆሜ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄዷል። ከዚያ ሽማግሌው በዚያው ድምፅ ቀጠሉ፤

"አቶ ጴጥሮስ በር ይሠሩ ነበር። የሠሩትን በር ሳይገቡበት አይሸጡም። ይገባሉ። ይወጣሉ። 'ሰው ያሳልፋል' ይላሉ። ልጆቻቸውን እሳቱን አትዩ ይሉ ነበር። እሳቸው ግን አዩት። ስለ እኛ ዕድሜያቸውን ሙሉ አዩት። ዓይናቸው ደከመ። ጨለማ ነው ብለን አናለቅስላቸውም።"

"ፀጋ!" አልኩ።

በልቤ ያልኩ መስሎኝ ነበር። ጮኼ ነው ያልኩት፤ እንደ አርብ ተማሪ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዲት ሴትዮ ሐዘን መስሏት ክንዴን ይዛ ደገፈችኝ። አልተቃወምኳትም።

ሲያበቃ ለቀስተኛው ተሰልፎ ቤተሰቡን ያጽናና ጀመር። ተራዬ ደርሶ ፀጋ ፊት ቆምኩ። ጥቁር ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዓይኗ አብጦ፣ እጄን ያዘች። "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አልኳት።

"ሰማሁሽ" አልኩ ቀጥዬ።

"እኔም ሰማሁዎት" አለች። ጠበቀች። "ሰፈሩ በሙሉ ሰማዎት።"

ከኋላዬ ሰው ይጠብቃል፤ እሷ ግን እጄን አልለቀቀችም። ዝግ ባለ ድምፅ ነገረችኝ። አባቷ ሕመሙ ጠንቶ፣ ዓይናቸው ጭራሽ ሰው መለየት ካቆመ በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠዋት፣ "ያንን የእሳቱን በይልኝ" ይሏታል።

"የቱን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። 'አባዬ፣ እሱ እኮ ተሽሯል' አልኩት። 'ያስሻርኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ በይው' አለኝ።"

"በቃልሽ ታውቂው ነበር?"

"ረስቼው አላውቅም። አልኩለት። ድገሚው አለኝ። ደገምኩለት። ከዚያ በየቀኑ ያስብለኝ ነበር።"

ቆሜ አለቀስኩ። ለእሳቸው ይሁን፣ ለእሷ፣ ለጋሽ ደሳለኝ፣ ለራሴም ይሁን አላውቅም፤ ለሁላችንም መሰለኝ። እኔ ላጽናናት ሄጄ እሷ በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ። ከኋላ ያለው ሰው ተራ እንድለቅ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ልሄድ ስል ጠራችኝ።

"ቲቸር፣ በሩ አሁንም ይጣበቃል?"

"ይጣበቃል።"

"ቤትዎ ነው" አለች፤ እያለቀሰችም ፈገግ ብላ።